ባግ ሲያገረሽ

ወባ ይዞት የሚያውቅ ሰው "አገረሸበት" ማለት ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ድኗል የተባለ፣ መድኃኒቱን የጨረሰ፣ ሥራ የገባ ሰው ከሳምንታት በኋላ ብርድ ብርድ ሲለው የሚነገር ቃል ነው። ሶፍትዌር ላይ "ሪግሬሽን" የምንለውን ነገር በአማርኛ ለመጥራት ከዚህ የተሻለ ቃል ያለ አይመስለኝም። ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ አይሠራም፤ በመሐል ደግሞ አንድ ሰው የሆነ ቦታ እጁን አስገብቷል።

በደንብ ካየነው ግን በዚህ ስም የምንጠራቸው ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የእውነት ያገረሸው ነው፤ ታውቆ፣ ተስተካክሎ፣ ቲኬቱ (የተመዘገበበት መዝገብ) የተዘጋ ባግ፣ ማለትም የሶፍትዌር ስህተት፣ ተመልሶ ሲመጣ። ሁለተኛው ለአንዱ የተሰጠ መድኃኒት ጤነኛውን ሲያሳምም ነው፤ "ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች" የሚባለው ዓይነት። ለመጀመሪያው ምን እንደሚፈተን አስቀድሞ ይታወቃል፤ በሽታው ስም አለው፣ ታካሚውም ይታወቃል። ሁለተኛው በየት በኩል እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ሰፊ መረብ ይፈልጋል። የሚገርመኝ፣ ብዙ ቡድን ጉልበቱን ሁሉ ሰፊው መረብ ላይ ጨርሶ ርካሹን ሥራ፣ የታወቀውን ባግ ዳግም እንዳይገባ በር መዝጋቱን፣ መርሳቱ ነው።

የዳነ ባግ የሚያገረሽባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። በጣም የተለመደው የብራንች፣ ጎን ለጎን የሚሄድ የኮድ ቅጂ፣ ጉዳይ ነው፦ ፕሮዳክሽን (ደንበኛ የሚጠቀምበት ሲስተም) ላይ ችግር ይፈጠራል፣ በጥድፊያ የሪሊዙ (ለተጠቃሚ የወጣው ስሪት) ብራንች ላይ ይስተካከላል፣ ማስተካከያው ግን ወደ ዋናው ብራንች ሳይመለስ ይቀራል። ቀጣዩ ሪሊዝ ከዋናው ብራንች ሲወጣ ባጉ አብሮ ይወጣል። ሁለተኛው መርጅ (የሁለት ብራንች ማዋሃድ) ሲጋጭ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ፋይል ነክቶ፣ ግጭቱን የሚፈታው ሰው የአሮጌውን ወገን ይመርጣል። ሦስተኛው ጽዳት ነው። አንድ ንጹሕ ልብ ያለው ዴቨሎፐር ምንም ማብራሪያ የሌላትን አንዲት "ይህ ከሆነ" የምትል መስመር ያያል፣ ምን እንደምትሠራ አይገባውም፣ ያነሳታል። መስመሯ ከሁለት ዓመት በፊት የተዘጋ ባግ መቀርቀሪያ ነበረች።

ይህ የትንንሽ ቡድኖች ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አፕል በአይኦኤስ 12.3 ዘግቶት የነበረ የደኅንነት ቀዳዳ በ12.4 መልሶ ተከፍቶ ተገኘ። በነሐሴ ወር ለአዲሱ ስሪት ጄይልብሬክ (የስልኩን ገደብ የሚሰብር ፕሮግራም) ወጣ፤ ኩባንያው በ12.4.1 እንደገና መዝጋት ነበረበት። ያን ያህል ሀብትና ሰው ያለው ቤት ውስጥም የዳነ ያገረሻል።

ታዲያ በሩ የሚዘጋው እንዴት ነው? ባግ ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ ኮዱን ማስተካከል አይደለም፤ ባጉን የሚያሳይ ቴስት፣ ኮዱን የሚፈትን ትንሽ ኮድ፣ መጻፍ ነው። ቴስቱን ገና ባልተስተካከለው ኮድ ላይ አስኪዶ ቀይ ሲሆን፣ ማለትም ሲወድቅ፣ ማየት። ቀጥሎ ደግሞ ለምን ቀይ እንደሆነ ማንበብ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። "30 ጠብቄ 29 አገኘሁ" ብሎ የወደቀ ቴስትና "ፋይሉ አልተገኘም" ብሎ የወደቀ ቴስት ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ስለ ባጉ ያለው ነገር የለም። ከዚያ ኮዱን ማስተካከል፣ አረንጓዴውን፣ ማለትም ማለፉን፣ ማየት። በመጨረሻ የማስተካከያውን ፋይል ብቻ በጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ስታሽ በሚባለው ትእዛዝ ለጊዜው አንስቶ ቴስቱን አንዴ ደግሞ ማስኬድ። ካልቀላ ዘበኛው ተኝቷል ማለት ነው፤ ደሞዝ እየበላ በር አይጠብቅም። ይህች የመጨረሻ እርምጃ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅባት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምተማመንባት እሷን ነው።

ስሙም ቀላል ነገር አይደለም። "የቀን ቴስት 2" የሚል ስም ያለው ቴስት ከሦስት ዓመት በኋላ ሲቀላ፣ ያየው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው "ይሄ አሮጌ ነገር ነው፣ እናጥፋው" ብሎ ነው። "ጳጉሜ 6 ቀን ወደ መስከረም 1 አይዘልም" ብሎ ከነቲኬት ቁጥሩ የተሰየመ ቴስት ግን ሲወድቅ ራሱ ይናገራል። ቴስቱን የጻፈው ሰው በዚያን ጊዜ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ማስታወሻው የቀረው ስሙ ላይ ብቻ ነው።

ጳጉሜን ካነሳን እንቆይበት፤ ለዚህ ርእስ ከእኛው ቀን መቁጠሪያ የተሻለ መማሪያ የለም። የአገር ውስጥ ሲስተም የሚሠራ ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይር ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) አለው፤ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ሰው የጻፈው፣ ሌላ ሰው የገለበጠው ነው። ስህተቱ የሚገባባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መሆኑ ይረሳል። ጳጉሜ ሁልጊዜ 5 ቀን ነች ተብሎ ይታሰባል። ወይም የፈረንጁ ደንብ እንዳለ ይገለበጥና ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ያለ ቀሪ ከሄደ ጳጉሜ 6 ትሆናለች ተብሎ ይጻፋል። በእኛ ግን ጳጉሜ 6 የምትሆነው ቀሪው 3 ሲሆን፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ነው። 2015ን ለ4 አካፍሉት፤ 3 ይቀራል፤ የ2015 ጳጉሜም 6 ቀን ነበረች።

ይህንን ፈንክሽን ለመፈተን ብዙ ሰው የሚጽፈው የደርሶ መልስ ቴስት ነው፦ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይር፣ መልሰህ ቀይር፣ ያው መሆኑን አረጋግጥ። ጥሩ ቴስት ነው። የአራት ዓመት ዑደቱን 1461 ቀን አንድ በአንድ ቢያስኬዱት ሴኮንድ አይሞላም። ግን ዕውር ጎን አለው። ሁለቱም አቅጣጫ በእኩል ከተሳሳቱ፣ ሲሄድ አንድ ቀን ጨምሮ ሲመለስ አንድ ቀን ከቀነሰ፣ 1461ዱም አረንጓዴ ይሆናሉ። ስለዚህ ከካሌንደር ላይ የተወሰዱ ምስማሮች ያስፈልጋሉ፦ መስከረም 1 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ወደ 11 ይመለሳል። የካቲት 21 ቀን 2016 ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ነው። እነዚህ አምስት መስመሮች ከ1461 ደርሶ መልሶች የማያንስ ሥራ ይሠራሉ፤ አብረው ሲኖሩ ደግሞ ፈንክሽኑ የሚያመልጥበት ቀዳዳ በጣም ይጠባል።

ጽዳት የሚወደው ዴቨሎፐር የሚሳሳትበት ሌላ ቦታ የበዓላት ሠንጠረዥ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ነገር ግን ከጳጉሜ 6 ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በ2016 ያከበርነው በ28 ነው። ኮዱ ውስጥ ይህንን የያዘች አንዲት መስመር አለች እንበል። አንድ ሰው በ2017 ፋይሉን ከፍቶ "ገና 29 አይደል እንዴ?" ብሎ ቢያነሳት፣ በ2017 ትክክል ነው፣ በ2018 ትክክል ነው፣ በ2019ም ትክክል ነው። ሪግሬሽኑ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሰው ሁሉ በረሳበት ሰዓት፣ የባንክ ወይም የደሞዝ ሲስተም ላይ በሥራ ቀን ስም ይመጣል። እንዲህ ያለውን በእጅ መፈተን የሚችል ሰው የለም። የኮዱ ሰዓት ከውጭ የሚሰጠው መሆን አለበት፤ ፈንክሽኑ "ዛሬ ስንት ነው?" ብሎ ሰርቨሩን ከመጠየቅ ይልቅ ቀኑን እንደ ግብዓት ይቀበል። ያኔ ቴስቱ ወደፈለገው ዓመት ይዘላል።

ሰዓቱን ከሰርቨሩ የሚወስድ ቴስት ሌላም ጣጣ አለው። ሲአይ ሰርቨሮች (ቴስቶችን በራሳቸው የሚያስኬዱት ማሽኖች) ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ 3 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ጋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና 21:00 ነው። ስለዚህ በየሌሊቱ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ የሰርቨሩ "ዛሬ" የእኛ "ትናንት" ነው። ረጅሙ የሪግሬሽን ዙር ደግሞ በልማድ የሚቀጠረው ሰው በተኛበት ሰዓት፣ ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ነው። ቴስቱ ማታ ቀልቶ ያድራል፤ ጠዋት ዴቨሎፐሩ ቢሮ ገብቶ ሲያስኬደው አረንጓዴ ነው። "የሰርቨሩ ችግር ነው" ተብሎ ይታለፋል። የሰርቨሩ ችግር አይደለም፤ ኮዱ ፕሮዳክሽን ላይም በየሌሊቱ ለሦስት ሰዓት እየተሳሳተ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት፣ ዓይን ወደሚያጠፋው ኩል እንምጣ። ይህንን የኤስኤምኤስ መልእክት ተመልከቱ፦

"ውድ ደንበኛችን፣ የ1500 ብር ክፍያዎ ደርሶናል። ቀሪ ሂሳብዎ 12300 ብር ነው። እናመሰግናለን።"

ክፍተቱንና ነጥቡን ጨምሮ 62 ፊደል ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል፤ አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ግን ጠቅላላው መልእክት ወደ ሌላ ኢንኮዲንግ (ፊደልን በቁጥር የመወከያ ዘዴ) ይቀየርና ጣሪያው 70 ይሆናል። 71ኛዋ ፊደል ስትመጣ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም 67 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ የቀረው ቦታ ቁራጮቹን ለመገጣጠሚያ ይሄዳል። አሁን አንድ ሰው የገንዘቡን አጻጻፍ እንዲያሳምር ይታዘዛል፤ ኮማና ሳንቲም ይጨምራል። 1500 የነበረው 1,500.00 ይሆናል፣ 12300ውም 12,300.00። እያንዳንዱ አራት ፊደል ጨመረ። 62 ሲደመር 8፣ 70። ዴቨሎፐሩ በዚሁ ምሳሌ ይፈትነዋል፣ መልእክቱ አንድ ሆኖ ይደርሳል፣ ሥራው ያልቃል። 15,000.00 ብር የከፈለው ደንበኛ ግን 71 ፊደል ይደርሰዋል፤ ማለትም ሁለት መልእክት። መቶ ሺህ ሰው ላይ ሁለት መቶ ሺህ መልእክት ይከፈልበታል፤ ማንም ስህተት አላየም፣ ማንም አልጮኸም፣ ወር ሲደርስ ደረሰኙ ይመጣል።

ለዚህ የሚሆነው ቴስት መልእክቱ "ያምራል ወይ" ብሎ አይጠይቅም። አብነቱን ሲስተሙ በሚፈቅደው ትልቁ የገንዘብ መጠን ይሞላና የፊደሉ ብዛት ከ70 እንዳይበልጥ ያረጋግጣል። ዴቨሎፐሩ ኮማዋን በጨመረባት ደቂቃ ቴስቱ ይቀላል። የሪግሬሽን ቴስት ዋጋ እዚህ ላይ ይታየኛል፤ ኮማ የጨመረ ሰው ስለ ኤስኤምኤስ ጣሪያ እንዲያስብ አይጠበቅበትም፤ ያሰበው ሌላ ሰው ሐሳቡን ቴስቱ ውስጥ ትቶለት ሄዷል።

ፍለጋም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ስም የሚፈልግ ሲስተም ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን አንድ ማድረግ አለበት፤ አለበለዚያ ደንበኛው ሳይገኝ ይቀራል። "ፀሐይ" የሚለውን ስም ብቻ ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ፣ ሁለተኛው በስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ይጻፋል፤ 12 አጻጻፍ። ቴስቱ 12ቱንም ዘርዝሮ ሁሉም አንድ ሰው ላይ መድረሳቸውን ያረጋግጥ። ግን እዚህ ላይ የሚቀር ግማሽ አለ። ሀ እና ሃ በድምፅ አንድ መሆናቸውን ያየ ሰው ኮዱን "ለማሳጠር" ብሎ ግዕዙንና ራብዑን በሁሉም ፊደል ላይ አንድ ሊያደርግ ይችላል። ያኔ ሳራን የፈለገ ሰው "ሰራ"ን ያገኛል። 12ቱም ቴስቶች ግን አረንጓዴ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚጠይቁት "አንድ ሆኑ ወይ?" ብለው ብቻ ነው። "ሰራ" እና "ሳራ" አንድ መሆን እንደሌለባቸው የሚናገር ቴስት ከሌለ ፍለጋው ሁሉን ከሁሉ ቢያገናኝም የሚቀላ ነገር የለም። መሆን የሌለበትን የሚጠብቅ ቴስት በብዙ ፕሮጀክት ላይ በጣም ጥቂት ነው፤ ሰው የሚፈልገውን ለመጻፍ ይፈጥናል፣ የማይፈልገውን ለመጻፍ ይሰንፋል።

እስካሁን ያነሳናቸው ሁሉ በጣም ዝቅ ባለው እርከን፣ በፈንክሽን ደረጃ የሚፈተኑ መሆናቸውን ልብ በሉ። ይህ የመርሕ ጉዳይ ሳይሆን የሂሳብ ነው። ብሮውዘር ከፍቶ፣ ሎግኢን አድርጎ፣ ቅጽ ሞልቶ የሚፈትን አንድ ቴስት 40 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ 400 እንዲህ ያለ ቴስት ተራ በተራ ሲሄድ 16,000 ሴኮንድ ነው፤ ከአራት ሰዓት ተኩል ጥቂት ቢያንስ ነው። 3,000 የፈንክሽን ቴስት እያንዳንዱ 5 ሚሊሴኮንድ ቢፈጅ 15 ሴኮንድ ነው። አራት ሰዓት የሚፈጀውን ማንም ከእያንዳንዱ ኮሚት (የኮድ ለውጥ ምዝገባ) በፊት አያስኬደውም፤ የማይሄድ ቴስት ደግሞ የለም። ስለዚህ ባግ ሲገኝ "ይህንን ሊይዝ የሚችለው ዝቅተኛው እርከን የቱ ነው?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባጉ የተገኘው ስክሪን ላይ ስለሆነ ቴስቱም ስክሪን ላይ መጻፍ አለበት ማለት አይደለም። ለብሮውዘር የሚቀሩት የገንዘብና የመግቢያ ዋና ዋና መንገዶች፣ ሃያ ሠላሳ ቢሆኑ ይበቃል እላለሁ።

ብዛቱ ሲጨምር ሌላ ጠላት ይመጣል፦ የሚወላውል ቴስት። ኮዱ ሳይነካ አንዴ የሚያልፍ፣ አንዴ የሚወድቅ። አንድ ቴስት ከሺህ አንድ ጊዜ ያለ ምክንያት ቢወድቅ ማን ያስተውለዋል? እንዲህ ያሉ 1,000 ቴስቶች ሲኖሩ ግን ሁሉም አረንጓዴ የመሆናቸው ዕድል 37 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከሦስት ዙር ሁለቱ ያለ ጥፋት ቀይ ናቸው ማለት ነው። ጉግል በ2016 ባወጣው ጽሑፍ ከቴስቶቹ 16 በመቶ የሚጠጉት የሆነ ያህል እንደሚወላውሉ ገልጾ ነበር። የሚወላውል ቴስት የሚጎዳው በራሱ አይደለም፤ ሰውን ቀይ እንዲንቅ ያስተምራል። "እንደገና አስኪደው፣ ያልፋል" የሚባልበት ቡድን ውስጥ እውነተኛው ባግ የሚገባው በዚያችው ዓረፍተ ነገር ነው።

መንስኤዎቹን ፈልጎ ማግኘት አይከብድም። "3 ሴኮንድ ጠብቅ" የሚል መስመር ካለ እሱ ነው፤ ነገሩ እስኪመጣ መጠበቅ እንጂ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም። ቴስቱ ብቻውን ሲሄድ አልፎ ከሌሎች ጋር ሲሄድ ከወደቀ ሌላው ቴስት የተወው ዳታ አለ፤ እያንዳንዱ ቴስት የራሱን ዳታ ይፍጠር፣ ቅደም ተከተላቸውም ሆን ተብሎ ይበወዝ። የቀረው ሰዓትና የውጭ ሲስተም ነው። ወድቆ በሦስተኛው ሙከራ ያለፈ ቴስት አልፏል ተብሎ እንዳይመዘገብ፤ ሁለት ነገር እኩል ሲሮጡ የሚፈጠር እውነተኛ ባግ መልኩ ልክ እንደዚህ ነው። ዛሬ መጠገን ካልተቻለ ለብቻው ይቀመጥ፣ ባለቤትና ቀነ ገደብ ይሰጠው፤ ቀኑ ካለፈ ይሰረዝ።

ነገሩ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ለማየት የአሜሪካውን የአክሲዮን ንግድ ድርጅት የናይት ካፒታልን ታሪክ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፤ የአሜሪካ የዋስትና ሰነዶች ተቆጣጣሪው በ2013 ያወጣው የውሳኔ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ነው። ድርጅቱ የአክሲዮን ትእዛዞችን የሚያስተናግድ ሲስተም ነበረው። በውስጡ "ፓወር ፔግ" የሚባል አሮጌ ክፍል አለ፤ ከ2003 ጀምሮ መጠቀም አቁመዋል፣ ኮዱ ግን አልተነሳም። ይህ ክፍል አንድን ትልቅ ትእዛዝ እየከፋፈለ ሲልክ ምን ያህሉ እንደተሞላ የሚቆጥርና ሲሞላ "በቃ" የሚል ቆጣሪ ነበረው። በ2005 ቆጣሪውን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። ካዛወሩ በኋላ ፓወር ፔግን እንደገና አልፈተኑትም። ለምን ይፈትኑታል? ማንም አይጠቀምበትም። በዚያች ቀን ፓወር ፔግ ማቆም የማያውቅ ማሽን ሆነ፤ ሰባት ዓመት ተኛ።

በ2012 ለአዲስ ሥራ አዲስ ኮድ ሲጽፉ ፓወር ፔግን ያስነሳ የነበረውን ምልክት ለአዲሱ ተጠቀሙበት። አዲሱ ኮድ በ8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ በ7ቱ ተጫነ፣ አንዱ ተረሳ። ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያ ሲከፈት 8ኛው ሰርቨር ምልክቱን አየና አሮጌውን ክፍል ቀሰቀሰው። 212 የደንበኛ ትእዛዞችን ለመሙላት ሚሊዮኖች ትእዛዝ ላከ፤ በ45 ደቂቃ ገደማ ከ397 ሚሊዮን በላይ አክሲዮን ተገዛ፣ ተሸጠ። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በመሐል ችግሩን እናስተካክል ብለው አዲሱን ኮድ ከ7ቱ ሰርቨሮች አነሱት፤ በዚህ ጊዜ 8ቱም አሮጌውን ማስኬድ ጀመሩ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ፓወር ፔግን የሚጠቅሱ 97 ኢሜይሎች ልኮ ነበር፤ እንደ ማስጠንቀቂያ የወሰዳቸው አልነበረም።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያነሳው የተረሳውን ሰርቨር ነው። እኔ ግን 2005 ላይ ነው የማቆመው። "ትእዛዙ ከሞላ ክፍሉ መላኩን ያቆማል" የሚል አንድ ቴስት ቢኖር ቆጣሪው በተዛወረበት ቀን ይቀላ ነበር። ያኔ ወይ ክፍሉ ይጠገናል፣ ወይም አንዱ "ይሄ እኮ ከተተወ ሁለት ዓመቱ ነው" ብሎ ጨርሶ ያነሳዋል። ሁለቱም ያድኑ ነበር። ኮዱ እስካለ ድረስ ቴስቱ ይኑር፤ ቴስት የማያስፈልገው ኮድ ካለ ኮዱም አያስፈልግም።

ከዚህ በተቃራኒው ጫፍ ያለው ኤስኪውላይት ነው፤ በየአንድሮይድ ስልኩ ውስጥ ያለው ትንሹ ዳታቤዝ። የቴስት ኮዱ ብዛት ከራሱ ከዳታቤዙ ኮድ ከ500 እጥፍ በላይ ነው። አንድ ባግ ሲነገራቸው ባጉን የሚይዝ ቴስት እስኪጨመር ድረስ ተስተካክሏል አይሉም። 500 እጥፍ ለማንኛችንም አይሆንም፤ ሁለተኛው ልማድ ግን ብር አይጠይቅም።

አውቶሜሽን የሌለበት ቤትም አለ፤ የሪግሬሽኑ ዝርዝር ኤክሴል ላይ ሆኖ ሰው እያነበበ የሚፈትንበት። አልንቀውም፤ ግን ሂሳቡን እንወቅ። 300 መስመር፣ ለአንዱ 4 ደቂቃ፣ 20 ሰዓት ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ቀን ተኩል ሙሉ ተቀምጦ። ከ200ኛው መስመር በኋላ ዓይን እያየ አያይም፤ "አለፈ" የሚለው ቃል ከላይ ወደታች ይጎተታል። ስለዚህ መስመሮቹ በአደጋቸው መጠን ይደርደሩ፣ ገንዘብ የሚነካው መጀመሪያ ይሁን፣ እያንዳንዱ መስመርም ለመዋሸት የማይመች ሆኖ ይጻፍ። "ክፍያ በትክክል መሥራቱን ማረጋገጥ" ምንም አይልም። "1,000.00 ብር ያለው ደንበኛ 1,000.01 ብር ሲልክ በቂ ሂሳብ የለም ይላል፤ ሂሳቡ 1,000.00 እንደሆነ ይቆያል፤ ታሪኩ ላይ አዲስ መስመር አይታይም" የሚለውን ያነበበ አዲስ ሠራተኛም በትክክል ይፈትነዋል።

በአውቶሜሽንም ያው ነው። ቴስቶቹ ኮዱን "90 በመቶ ነክተዋል" የሚል ሪፖርት ደስ ይላል፤ መንካት ግን መጠበቅ አይደለም። ለማወቅ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ፦ ገንዘብ የሚቀነስበትን ፋይል ከፍታችሁ "ይበልጣል" የሚለውን "ይበልጣል ወይም እኩል ነው" አድርጉት፤ ቴስቶቹን አስኪዱ። ምንም ካልቀላ፣ ያ 90 በመቶ በመስኮት አይቶ ማለፍ ነበር። እንዲህ ያለ አምስት ስድስት ጥፋት ሆን ብሎ ሠርቶ መመልከት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ለውጦቹን መልሶ ማጥፋት እንዳይረሳ ብቻ።

ይህም ሁሉ ሆኖ የሆነ ነገር ያመልጣል። አመለጠ እንበል፤ ከሁለት ወር በፊት ይሠራ ነበር፣ አሁን አይሠራም፣ በመሐል 1,000 ኮሚት አለ። ማን እንደሰበረው በስብሰባ አይገኝም። ጊት ባይሴክት መሐሉን ይሰጣችኋል፣ ደህና ነው ወይስ ተሰብሯል ትላላችሁ፣ ግማሹን ይጥላል፤ በ10 እርምጃ ወንጀለኛው ኮሚት ላይ ይደርሳል። ቢልዱ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየሩ) 6 ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ሰዓት ነው። የሚሳካው ግን ኮሚቶቹ ትንንሽ ሲሆኑና እያንዳንዳቸው ቢልድ ሲሆኑ ነው፤ 4,000 መስመር የነካ ኮሚት ላይ ከደረሳችሁ ፍለጋው ገና ተጀመረ።

ለማንኛውም፣ ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027፣ ቅዳሜ። የሲስተማችሁን ሰዓት መፈተኛው ሰርቨር ላይ ወደዚያ ቀን አዙሩና ደሞዝ አስልቱ፣ የብድር ወለድ አውጡ፣ ሪፖርት አትሙ። ከዚያ ወደ ማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 2020፣ አሳልፉትና ደግሞ አትሙ። ቀጥላችሁ ታኅሣሥ 28 ቀን 2020 ላይ አቁሙትና ቀኑን ሥራ ነው ወይስ በዓል እንደሚለው እዩ።